በር አልባዋ ዳሪን

ቬልዳ ክራይዘንጋ መኪናዋን ያገኘቻት ጀልባ ልታይ ሄዳ ነው።

ሃርላን ስታውፈር የሚባል ሽማግሌ ገበሬ «ውሃ የምታስገባ ጀልባ አለችኝ፤ መጥተሽ እያትና የምትድን ከሆነ ንገሪኝ» ብሎ ደውሎላት ነበር። ቬልዳ ጀልባ ጠጋኝ ናት። አምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የዕድሜዋን እኩሌታ ያሳለፈችው በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የመስታወት ክር በሙጫ እያራሰች፣ የተሰነጠቀ እየደፈነች፣ የደፈነችውን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገች ነው። ሚሺጋን ውስጥ ሐይቅ ካለ ጀልባ አለ፤ ጀልባ ካለ ደግሞ ከድንጋይ ጋር የሚያላትመው ሰካራም አይጠፋም። ስለዚህ ሥራ ፈትታ አታውቅም።

ሃርላን ወደ ጎተራው አስገባት። ጀልባዋ ከወዲያኛው ጥግ ተደፍታ ነበር። ቬልዳ ግን እዚያ አልደረሰችም። ከድርቆሹ ክምር መሀል አቧራ የለበሰ የመኪና አፍንጫ ብቅ ብሎ አየች፤ ለፉጨት እንደ ሞጠሞጠ አፍ ያለ፣ ትንሽዬ ፍርግርግ ያለው። እግሯ እዚያው ተተከለ።

«ይቺ የማን ናት?»

«የእኔ ናት። አሮጌ መኪና ናት፤ ተያት። ጀልባዋ እዚያ ጋ ናት።»

«አሮጌ መኪናማ አይደለችም። ካይዘር ዳሪን ናት።»

ሃርላን ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «ስሟን የሚያውቅ ሰው እዚህ ጎተራ ከገባ ስንት ዘመኑ!»

ቬልዳ ስሟን አትረሳም። ልጃገረድ ሳለች አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ አንድ የማያውቁት ሰው እንዲህ ያለችውን መኪና ደጁ ላይ አቁሞ ነበር። ሰውየው ሊገባ ሲል በሩን ወደ ውጭ አልከፈተውም፤ ወደ ፊት ገፋው። በሩም እንደ መሳቢያ ተንሸራቶ የፊት ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ወንድሞቿ መኪናዋን ከበው ኮፈኑን አስከፍተው ሲያዩ እሷም ጠጋ ብትል «ሂጂ፣ ነጭ ጓንትሽ ይቆሽሻል» ብለው መለሷት። ከዚያ ወዲህ ጓንት የሚባል ነገር አድርጋ አታውቅም።

እንዲህ ያሉት መኪኖች በጠቅላላው የተሠሩት አራት መቶ ከምናምን ናቸው። ገላቸው ብረት አይደለም፤ ጀልባ የሚሠራበት ያው የመስታወት ክርና ሙጫ ነው። ከተሠሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ የተጋጨው ተጋጭቶ፣ የተቃጠለው ተቃጥሎ፣ የቀሩትም ባለጸጎች ቤት ውስጥ በጨርቅ ተሸፍነው ነው የሚኖሩት። አንዷ እዚህ፣ ከቤቷ ብዙም በማይርቅ ጎተራ፣ ድርቆሽ ተጭኖባት ተቀምጣለች።

«ይሸጧታል?» አለች ቬልዳ።

ሃርላን በጎተራው በር በኩል ከመንገዱ ማዶ ወዳለው አረንጓዴ ጣሪያ አየት አደረገ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«እሸጣታለሁ። ግን እንዳለች ነው። ነገ ተመልሰሽ ‘እንዲህ ሆነች፣ እንዲያ ሆነች’ እንዳትዪኝ።»

«እንዳለች እወስዳታለሁ።»

ቬልዳ በገዛ እጇ የሠራቻትን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዋን ሸጠች፤ ሃርላን የጠራውን ዋጋ ሳትከራከር ከፈለች። ባሏ ጌሪት ነገሩን የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ፖስታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቀጭን፣ ነገር በቀልድ ካልሆነ የማይዋጥለት ሰው ነው።

«ቆይ፣ የምትንሳፈፈውን ሸጠሽ የማትሄደውን ገዛሽ?»

«ትሄዳለች።»

«መቼ?»

«እኔ ስጨርሳት።»

መኪናዋን በተሳቢ ጭነው አምጥተው ከቤታቸው ጎን ያለው ጋራዥ ውስጥ አስገቧት። የበሮቹ ቦታ ግራና ቀኝ ክፍት ነበር። ቬልዳ ሁለቱም በሮች ፓራፋንጎው ውስጥ ተገፍተው የገቡ መስሏት ነበር፤ ማንም ቢሆን እንዲያ ይመስለዋል። ድርቆሹን ጠርጋ ስትጨርስ በሩን ልትስብ እጇን ወደ ስንጥቁ ሰደደች። እጇ ውስጥ ውስጡን ሄደ፤ ደረቅ ሣር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። ለስላሳው ነገር ጮኸ። እጇን መንጭቃ አወጣችና በሌላው ጎን ዞራ ባትሪ አበራች።

ጌሪት ከደጅ ሆኖ «ምን አገኘሽ?» አለ።

«አይጥ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። በሮቹ የሉም፣ ጌሪት። ሁለቱም።»

ጌሪት ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው።

ቬልዳ በበነጋው ሃርላን ቤት ሄደች። ሃርላን አሳማዎቹን እየመገበ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«እስከ ትናንት ማታ ነበር የጠበቅኩሽ» አላት።

«በሮቹ የት አሉ?»

«አልጠየቅሽኝም እኮ!»

«በር የሌላት መኪና እየሸጡልኝ መጠየቅ ነበረብኝ?»

«እንዳለች ነው ያልኩሽ። እንዳለች በር የላትም።» ባልዲውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ትንሽ ሐፍረት ታየ። «ስሚ፣ ገንዘብሽ እንዳለ ነው። መልሼ እሰጥሻለሁ፤ መኪናዋን አምጪልኝ።»

«መኪናዋን አልመልስም። በሮቹን ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያስ ከመንገዱ ማዶ ሂጂ። ወንድሜ ዶይል ጋ ናቸው። ስሜን ግን እዚያ እንዳታነሺ፤ ይሄ ሰው ከእኔ ጋር ቃል ከተነጋገረ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው።»

ዶይል ስታውፈር ከወንድሙ በአራት ዓመት ያንሳል፤ በቁመት ግን በአንድ ራስ ይበልጣል። ዶሮ አርቢ ነው። ቬልዳ ግቢው ስትደርስ ለመጠየቅ አፏን ሳትከፍት በሮቹን አየቻቸው። ከቤቱ ጀርባ ካለው ትልቅ የዶሮ ቤት ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ በሀዲድ ላይ ተገጥመው ቆመዋል፤ ቀለማቸው በዶሮ ጥፍር ተቧጭሮ የቅቤ ብጫነቱ በቦታ በቦታው ይታያል። ዶይል መጥቶ አንዱን ገፋው። በሩ በዝግታ ተንሸራተተ፤ ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ወጡ።

«ጥሩ በሮች ናቸው» አለ ዶይል። «ቀበሮ አይከፍታቸውም።»

ቬልዳ መኪናዋን እንደ ገዛች ነገረችው።

«ሃርላን ሸጣት?»

«ሸጣት።»

«በመጨረሻ ሸጣት!» ዶይል ምራቁን ወደ ጎን ተፋ። «አባባ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ ‘ዶይል፣ መኪናዋ ያንተ ናት’ አለኝ። እኔና እሱ ብቻ ነበርን። የመኪናዋ ወረቀት ግን በሃርላን ስም ተጽፎ ተገኘ። ሃርላን ወረቀት አወጣ። እኔ ደግሞ መፍቻ አወጣሁ። ‘በል እንግዲህ፣ ያለ በር ንዳት’ ብዬው ሄድኩ።»

«በሮቹን ይሽጡልኝ።»

«አልሸጥም።»

«ለዶሮዎቹ እኔ ራሴ የተሻለ በር እሠራላቸዋለሁ።»

«አልገባሽም፣ ሴትዮ። ሃርላን እዚህች ቦታ ላይ ቆሞ ‘ዶይል፣ በሮቹን ስጠኝ’ ይበለኝ። ያን ቀን ነቅዬ በነጻ እሰጥሻለሁ።»

ቬልዳ መንገዱን ተሻግራ ለሃርላን ነገረችው። ሃርላን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

«እዚያ ደጅ ከምቆም ጉልበቴ ይቆረጥ።»

ያን ምሽት ጌሪት የአተር ሾርባውን እየጠጣ «መልሺያት» አላት፤ ይህን ጊዜ አልቀለደም። «በር ከሌላት ምን ታደርጊያታለሽ? በዓለም ላይ የሌላ መኪና በር አይገጥማትም።»

«በሩን በመጨረሻ ነው የማስበው። አሁን ሞተሩ አለ።»

ክረምቱ ገባ። በረዶው የጋራዡን መስኮት እስከ ወገቡ ደፈነው። ቬልዳ ከሥራ መልስ የቆርቆሮ ምድጃዋን ታቀጣጥልና መኪናዋ ላይ ትጎበጣለች። ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር ብሎ ነበር። ካንዴላዎቹን ፈትታ በየቀዳዳው ዘይትና ነጭ ጋዝ አፍስሳ ጠበቀች፤ በየቀኑ የሞተሩ ማዞሪያ ላይ ረጅም ብረት አስገብታ ትገፋለች፤ ሞተሩ እንደ ተራራ አይነቃነቅም። ጌሪት በሩ ላይ ሻይ ይዞ ይቆማል።

«እንዴት ነው በሽተኛሽ?»

«ተኝቷል።»

«ቄስ ልጥራ?»

«ብረቱን በወዲያ በኩል ያዝልኝ።»

ጌሪት ሻዩን አስቀምጦ ያዘ። በሌላው ቀንም ያዘ። አንድ ቀን ሁለቱ አብረው ሲገፉ ከውስጥ እንደ ጉልበት መንቋቋት ያለ ድምፅ ወጣ፤ ብረቱም አንድ ጣት ያህል ሄደ። ጌሪት ጮኸ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ማንም ሳይጠራው ቱታ ለብሶ መምጣት ጀመረ፤ ካርቡራተሩን አጥቦ፣ ትንንሾቹን ብሎኖች በቡና ቆርቆሮ ውስጥ እየለየ ያስቀምጥላት ነበር። ይህን ለጓደኞቹ እንዳትነግር ለመናት።

ገላዋን ግን ቬልዳ ለማንም አልሰጠችም። የድሮውን ቀለም በመድኃኒት ማንሳት የመስታወት ክሩን ይበላዋል፤ ስለዚህ በእጇ ፈተገችው፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ። የመስታወት ብናኝ አንገቷ ሥር ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክካት ያድር ነበር። ፓራፋንጎው ውስጥ የነበረውን የአይጥ ከተማ አጸዳች፤ የዛገውን ሀዲድ አወጣች፤ ቀጥ አድርጋ ዘይት ቀባችው። በር የሌለው ሀዲድ! ጌሪት ይህን ሲያይ መብራቱን አቀረበላት።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተረጋግቶ ይንጎራጎር ጀመር። ቬልዳ መሪውን ይዛ ተቀመጠች።

«ግባ» አለችው ለጌሪት።

«በር ሳይኖራት? ፖሊስ ቢያገኘንስ?»

«‘በር እየፈለግን ነው’ እንለዋለን።»

ነፋሱ ከሁለቱም ጎን እየገባ፣ ጭቃው እስከ ጆሯቸው እየተረጨ፣ ጌሪት ወንበሩን በሁለት እጁ እንዳነቀ ዶይል ግቢ ደረሱ። ዶይል ድምፁን ሰምቶ ነው መሰለኝ ገና ሳይደርሱ ወጥቶ ቆሟል። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ጣቱን በኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስኬደ። ለመጨረሻ ጊዜ ስትሄድ ያያት አባቱ ሲነዳት ነው።

«ድምጿ እንደ ድሮው ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ቬልዳ ዛሬ በር ልትጠይቅ አልመጣችም። «ልለካቸው ብቻ ይፍቀዱልኝ» አለችው። «ካልሰጡኝ እሠራቸዋለሁ።»

ዶይል አያትና ወደ ቤቱ ገባ። መፍቻ ይዞ ወጣ። የግራውን በር ከዶሮ ቤቱ ነቀለና በቆሻሻ ጨርቅ ጠርጎ አስታቀፋት።

«ይሄ ክረምቱን ለለፋሽው ነው። ሌላው የሃርላን ነው። መጥቶ ይጠይቀኝ።»

የግራው በር ሀዲዱ ላይ ገባ፤ ትንሽ ተንገራግጮ ተንሸራተተ። ቬልዳ ደጋግማ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ሃርላን ጋ ሄደች።

«አንድ ቃል ነው። መንገድ ተሻግሮ አንድ ቃል መናገር።»

«ያንን ቃል የሚናገር ምላስ የለኝም።»

«እርስዎም እሱም ሽማግሌ ናችሁ። አንዳችሁ ሲቀበር ሌላው በመስኮት ሊያይ ነው?»

«ጀልባዬን ጠግኚ ብዬ ነው የጠራሁሽ» አለ ሃርላን፤ በሩንም ዘጋባት።

ቬልዳ ተናድዳ ተመለሰች፤ ንዴቷም ሥራ ሆነ። የግራውን በር እያዩ የቀኙን መሥራት የግራ ጫማ እያዩ የቀኙን እንደ መስፋት ነው፤ ሁሉም ነገር የተገለበጠ ነው። እያንዳንዱን ጉብታ ለካች፤ ከእንጨት ቅርጹን አወጣች፤ በላዩ ላይ የመስታወት ክር ጨርቁን እያነባበረች በሙጫ አራሰችው። የመጀመሪያው በር ሲደርቅ አምሮ ወጣ። ሀዲዱ ላይ አስገብታ ስትገፋው ግን እኩሌታው ድረስ ሄዶ ፓራፋንጎው ውስጥ ተቀረቀረ፤ ወይ አይወጣ ወይ አይገባ። ጌሪት ጎንበስ ብሎ አየው።

«ወፍራም ነው። የሠራሽው እኮ ጀልባ ነው።»

በመጋዝ ቆርጣ አወጣችው። ሁለተኛውን አሳሳችው፤ እሱ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ተጣመመ። ቬልዳ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ የተጣመመውን በር እያየች ብዙ ቆየች። ጌሪት ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወጣ። የት እንደሚሄድ አልነገራትም። የራሱን መኪና አስነሥቶ ሃርላን ስታውፈር ቤት ሄዶ፣ ፖስታ ሲያድል በኖረበት ደጅ ላይ ቆሞ፣ ቀልድ የሚባል ነገር በአፉ ሳይኖር ሽማግሌውን ተቆጣው።

«ሚስቴ እጇ ተላልጧል። ምግብ አትበላም። እናንተ በሁለት በር ተጣልታችሁ እሷን በመሀል አስገባችኋት። ሌላ ነገር ማድረግ ባትችል እንኳ ሄደህ የሠራኸውን እይ!»

በማግስቱ ቬልዳ የተጣመመውን በር ለሦስተኛው ናሙና እንዲሆናት እየቆራረጠች ሳለ የጋራዡ በር ላይ ጥላ አየች። ሃርላን ነው፤ ቆቡን በእጁ ይዟል።

«ገንዘብሽን ይዤ መጥቻለሁ...»

«እጅዎ ንጹሕ ነው?» አለችው።

«ምን?»

«ይሄ ጨርቅ እንዳይጣመም ከዚያኛው ጫፍ ወጥሮ የሚይዝልኝ ሰው ይፈለጋል። ጌሪት እጁ ይንቀጠቀጣል። ይምጡ፣ ይያዙ።»

ሃርላን ገንዘቡን ወደ ኪሱ መልሶ ያዘ። ወገቡ እስኪያመው ያዘ። ቬልዳ ሙጫውን በስሱ አለበሰችው፣ በእንጨት አጣብቃ አሠረችው፣ እስኪደርቅም ሁለቱ ከጎኑ ተቀምጠው ጠበቁ። ሃርላን ስለ አባቱ አወራት፤ ሽማግሌው መኪናዋን ከዝናብ ይሸሽጋት እንደ ነበር፣ ከሁለቱ ልጆቹ ማንም እንዳይነዳት ቁልፉን ትራሱ ሥር ያስቀምጥ እንደ ነበር። «ለዶይል ምን እንዳለው አላውቅም» አለ። «ለእኔም ‘ያንተ ናት’ ብሎኝ ነበር። ምናልባት ሁለታችንንም ለማስደሰት ፈልጎ ይሆናል።» ቬልዳ «ይሄን ለእሱ ለምን አይነግሩትም?» ልትል ብላ ተወችው።

ሦስተኛው በር ቀጥ ብሎ ወጣ። ቬልዳ ሀዲዱ ላይ አስቀመጠችው። እስትንፋሷን ይዛ በመዳፏ ገፋችው። በሩ ሄደ፤ ሄዶ ሄዶ ፓራፋንጎው ውስጥ ጠፋ። ሳበችው፤ ተመለሰ። ሃርላን «እሰይ!» ብሎ ጭኑን መታ። ቬልዳ ጎንበስ ብላ ግንባሯን የመኪናዋ ኮፈን ላይ አስደግፋ ቆየች።

መኪናዋን ዶይል በሰጣት በር ጀርባ ፀሐይ ሳያገኘው በቀረው ቀለም ልክ፣ በቅቤ ብጫ ቀባቻት።

በበጋው መጨረሻ የአውራጃው የገበሬዎች ትርኢት ሆነ። ከላሞቹና ከዱባዎቹ ባሻገር ባለው ሜዳ ላይ አሮጌ መኪኖች ተደርድረው ይፈረድባቸዋል። ቬልዳ ዳሪኗን በደረቱ ላይ ባጅ ከለጠፈው ዳኛ ፊት አቆመች። ሰው ከበባት፤ ልጆች በሩ ሲገባና ሲወጣ ለማየት ተሰለፉ። ዳኛው ረጅም ጊዜ አየ፤ የቀኙን በር በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገ።

«ይሄ የፋብሪካ በር አይደለም።»

«አይደለም። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ያሳዝናል። ሁለቱም የራሷ ቢሆኑ አንደኛነቱን የሚወስድባት አልነበረም።»

ዶይል ከሰዉ መሀል ቆሞ ይህን ሰምቷል። ወደ ፊት መጥቶ አዲሱን በር ገፋው፣ ሳበው።

«ብቻሽን ነው የሠራሽው?»

«ሃርላን ይዞልኛል።»

ዶይል ፊቱ ቀላ። «ሃርላን? ይሄ ሰው እኔን አንዲት ቃል ከሚለምን አዲስ በር ሲሠራ ይውላል?»

«ወገቡን አሞት ነበር» አለ ጌሪት ጣልቃ ገብቶ።

ዶይል ወደ ቤቱ ነድቶ ሄደ። ሲመለስ የቀኙን በር፣ እውነተኛውን፣ በመኖ ጆንያ ጠቅልሎ ታቅፎ ነበር። ቬልዳ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ያንን አውጪና ይሄን ግጠሚ። ዳኛው ገና አልሄደም። ከእንግዲህ ሃርላን መጥቶ እንዲጠይቀኝ አልጠብቅም፤ በቃኝ።»

ዳኛው ከሩቅ ያያቸዋል። ቬልዳ በሩን ከጆንያው ገልጣ አየችው። ዓመት ሙሉ ያለመችው በር ነው። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ቀና ብላ የራሷን በር አየች፤ ቆርጣ የጣለችውን አንዱን፣ የተጣመመውን ሌላውን፣ የተላላጠ እጇን አሰበች።

«አልገጥመውም» አለች።

«ምን?»

«የእኔው ይሠራል። መኪናዋን ለዚህ ያበቃኋት በእሱ ነው።»

«ቬልዳ» አለ ጌሪት በሹክሹክታ፣ «አንደኛ እኮ ነው የሚልሽ።»

«ሰምቼዋለሁ።» ወደ ዶይል ዞረች። «‘ሌላው የሃርላን ነው’ ብለው ነበር። እንግዲያው ለሃርላን ይስጡት። ያውልዎት፣ ከዱባዎቹ አጠገብ ቆሟል።»

ዶይል ወደዚያ አየ። ሃርላን ከትልቅ ዱባ ጎን ቆሞ፣ ዱባውን የሚያደንቅ መስሎ በዓይኑ ጥግ እነሱን ያያል። ሰውዬው በሩን እዚያው ጥሎት ይሄዳል ብላ ቬልዳ ጠርጥራ ነበር። እሱ ግን በሩን ታቅፎ፣ ሰው እየገፋ፣ ላም ከሚጎትቱት መሀል እየተሹለከለከ ሜዳውን አቋረጠ። ወንድሙ ፊት ሲደርስ በሩን መሬት አቆመው።

ሃርላን አፍንጫውን ያዝ አደረገ። «የዶሮ ኩስ ይሸታል።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ዶሮ ሲያድርበት የነበረ በር ነው! ሽቶ ይሸታል ብለህ ነበር?»

«መጀመሪያውኑ ማን ዶሮ ቤት ላይ ስቀለው አለህ?»

«መጀመሪያውኑ ማን ወረቀት አውጣ አለህ?»

«ለእኔም ‘ያንተ ናት’ ብሎኝ ነበር፣ አንተ ደንቆሮ!»

ዶይል አንድ እርምጃ ቀረበ። «መቼ?»

«ሊሞት ሲል።»

«ለእኔም ሊሞት ሲል ነው ያለኝ!»

«ታዲያ ምን ልበልህ? እስኪሞት ሁለታችንንም የሚሸነግልበት ጊዜ ነበረው!»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቬልዳ አልሰማችም፤ ድምፃቸው ግን ከላሞቹ ድምፅ በላይ ነበር። ሰው ዱባውን ትቶ እነሱን ከበበ። ዳኛው ለቬልዳ የሦስተኛነቱን ሪባን ሰጥቷት አለፈ። ጌሪት ሪባኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ሦስተኛ» አለ። «ከሦስት መኪና።»

«ከአምስት።»

«እሺ፣ ከአምስት። እንሂድ ወይስ ሽማግሌዎቹ ሲደባደቡ እናያለን?»

«አይደባደቡም። ግባ።»

ጌሪት በቀኝ በኩል፣ እሷ በሠራችው በር ገባና ሳበው። ቬልዳ ማርሽ አስገብታ ከሜዳው ወጣች። አስፋልቱ ላይ ስትደርስ እግሯን ጫነች። መኪናዋ መጀመሪያ አመነታች፤ ከዚያ በሁለቱም ጎን የቆመው በቆሎ እየተጠራረገ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ጌሪት «ቀስ!» ብሎ ጮኸ፤ አልሰማችውም፣ ወይም እንዳልሰማች ሆነች።

ስታውፈሮች አልታረቁም፤ ቢያንስ ሰው መታረቅ የሚለውን አላደረጉም። ጠዋት ጠዋት ግን መንገዱን መሀል አድርገው፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ፣ ስለ አባታቸው ይጯጯሃሉ፤ ጎረቤቱም ለምዶታል። ሃርላን ጉንፋን የያዘው ሳምንት ዶይል አሳማዎቹን መግቦለታል፤ ሲመግብ እየሰደበው ነው አሉ። ሃርላንም ያችን የምታፈስ ጀልባ በመጨረሻ ቬልዳ ዘንድ አመጣት።

ዳሪኗ በየእሑዱ ትወጣለች። ዝናብ ሲዘንብ የቀኙ በር ሀዲዱ ላይ ይጣበቃል፤ ጌሪት ታግሎ ሲያቅተው ቬልዳ በመዳፏ ሥር አንድ ጊዜ ትመታውና ይከፈታል።